የጋሼ ሰዲቅ ዩሪክ አሲድ

አጎቴ ጋሼ ሰዲቅ የእግራቸው አውራ ጣት አብጦ፣ አንድ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ላቦራቶሪዬ ገቡ። ሸዋሮቢት ውስጥ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም፤ በየእርቁ ያልበሉት ፍየልም የለም።

«አብዱልሀኪም፣ ደሜ ንጹህ ነው ብለህ ጻፍልኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

የቸኮሉት ለእኔው ነው። እሑድ ማጀቴ ከተማ ሄደው ኢልሀምን ሊለምኑልኝ ነው። አባቷ ሀጂ ሙዐዊያ ከእሳቸው ሌላ ሽማግሌ አልቀበልም ብለዋል። እኚህ ሀጂ ደግሞ የፍየሉን ኩላሊትና ጉበት ለሽማግሌው በእጃቸው ያጎርሳሉ። ጉርሻቸውን እምቢ ያለ እንግዳ ጉዳዩን እንደያዘ ይመለሳል። ጋሼን ደግሞ ሐኪሙ ደማቸው ሳይታይ ኩላሊትና ጉበት እንዳይነኩ ከልክሏቸዋል።

ደማቸውን ቀድቼ ማሽኑ ላይ አሽከረከርኩት። ከላይ የቀረውን ቢጫ ውሃ ለካሁ። ዩሪክ አሲድ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። ከሰባት ማለፍ አልነበረበትም።

«ድገመው» አሉ።

ደገምኩት። ያው ነው።

«ማሽንህ ሐሜተኛ ነው። ደሜ ይጥራ ብዬ ስድስት ቀን ጾሜ ነው የመጣሁት።»

«ከመግሪብ በኋላስ ውሃ ይጠጡ ነበር?»

«ቆጠብኩ እንጂ። ደሙ እንዳይቀጥን ብዬ።»

በሸዋሮቢት ሙቀት! ሳቄ አመለጠኝ።

«ጋሼ፣ ጾሙን አላህ ይቀበልዎ። ውሃ ያጣ ሰውነት ግን ዩሪክ አሲዱን አያስወጣም፤ እንዲያውም ጨምረውታል። ሥጋ ውስጥ ዲ ኤን ኤ አለ። እሱ ሲፈርስ ፑሪን የሚባል ነገር ይወጣል፤ ፑሪኑ መጨረሻ ላይ ዩሪክ አሲድ ይሆናል። ሲበዛ ጣት መገጣጠሚያ ላይ እንደ ጨው ይጋገራል። ጉበትና ኩላሊት ደግሞ ፑሪን ሞልቷቸዋል።»

«እኔ የበላሁት ፍየል ነው። ዲ ኤን ኤ የሚባል ነገር ቀምሼ አላውቅም።»

እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ስድስት ብዬ ብጽፍ ጋሼ በደስታ ይሄዳሉ፣ ይጎርሳሉ፣ ኢልሀምም የእኔ ትሆናለች። ጣታቸው ግን ሰርጌ ላይ ያስለቅሳቸዋል። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ፈራሁ። ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሳይመርቁኝ ወጡ።

እሑድ ከሰዓት ከማጀቴ ደወሉ።

«ሀጂ ኩላሊቱን ሊያጎርሱኝ እጃቸውን ዘረጉ። አፌን ዘጋሁ።»

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ወረቀትህን አወጣሁ። ‹ይህ ልጅ ልጅዎን አጥብቆ ይፈልጋል፤ ለእሷ ሲል እንኳ ለገዛ አጎቱ አንዲት ቁጥር አልቀነሰም› አልኳቸው።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሱት። ቆይተው ካልሲያቸውን አወለቁና ጣታቸውን አሳዩኝ። ወላሂ፣ ከእኔ የባሰ ነው። ልጃቸውን ሰጥተዋል። ሐሙስ ደማቸውን ሊያስለኩ አንተ ዘንድ ይመጣሉ። እንግዲህ በአማትህም ላይ እንደ እኔው ጨክን።»