ጋሼ ጠይብን ሳይነኩ መለካት

«ነክተሃቸዋል።»

«ያዝኳቸው እንጂ አልነካኋቸውም።»

«መያዝና መንካት ምን ልዩነት አለው?»

«መንካት የኪስ አውላቂ ሥራ ነው፣ እህቴ። እኔ ሰው ሊወድቅ ሲል ደገፍኩ» አለ ሽኩር።

«ሊወድቁ አልነበረም፤ ተወዛወዙ እንጂ። እኔ የመጣሁት ደግሞ ውዝዋዜውን ልለካ ነው» አለች ሩታ፣ ድምፅዋ እንዳይጮህ እየታገለች።

ጋሼ ጠይብ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ እግራቸውን ገጥመው፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ቆመዋል። ይግለጡ ያላቸው ሰው የለም።

የቆሙት መርካቶ በርበሬ በረንዳ፣ በእቴቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ በተዘረጋች ጥቁር ዝርግ መሣሪያ ላይ ነው። መሣሪያዋ የቆመ ሰው ወዴትና ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ትለካለች፤ ውዝዋዜው በሩታ ላፕቶፕ ላይ እንደ ክር ይሳላል። ክሩ ከተቋጠረ ሰውየው ጽኑ ነው፤ ከተዝረከረከ አይደለም። የጫኝና አውራጅ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቦጋለ፣ በዕድሜ የገፋ ተሸካሚ ሁሉ እዚህች ላይ ቆሞ ካላለፈ ሰደርያውን ያስረክባል ብሎ ወስኗል። ሰደርያ የሌለው ተሸካሚ በዚያ ሰፈር ጆንያ አያነሣም። ሩታ እንዳስረዳችው ደግሞ፣ ልኬቱ የሚታመነው ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ሲመሳሰል ብቻ ነው።

ችግሩ፣ ጋሼ ጠይብ ዘመም ባሉ ቁጥር አጠገባቸው ያለው ሰው ሁሉ «እኔን» እያለ እጁን መዘርጋቱ ነበር። መጀመሪያ ሽኩር ክንዳቸውን ያዘ፤ ክሩ ተቋጠረ። ቀጥሎ እቴቴ በርበሬ የነካ እጇን ትከሻቸው ላይ ስታሳርፍ አስነጠሳቸው፤ ክሩ ዶሮ የጫረው መሰለ። ከዚያ አንድ የማይታወቅ ሰው ጋሪውን መሀል መንገድ አቁሞ መጣና ወገባቸውን አቀፈ፤ «አይዞት አባቴ» ብሎም መንገዱን ቀጠለ።

«በጣት ጫፍ እንኳ ብትነኳቸው ይበላሻል» አለች ሩታ። «ሰውነት ትንሽ መደገፊያ ካገኘ ይረጋጋል።»

«ታዲያ ይረጋጋ» አለች እቴቴ። «መርጋት ምን ክፋት አለው?»

ጋሼ ጠይብ ከረመዳን ወዲህ ጆንያ ጭነው ሲነሡ መሬቱ እንደ ላላ የጠፍር አልጋ ይረግብባቸዋል። ይህን ለማንም አልተናገሩም። መርካቶ ውስጥ ተሸካሚ ከነጆንያው ከወደቀ የሚወድቀው ሰው ላይ ነው። ሰደርያዋን ይወዷታል፤ ግን ከእሷ በፊት፣ እግራቸው ይጽና አይጽና በቁርጥ ማወቅ ፈልገው ነበር።

«ጠላታችን እጅ ነው» አለና ቦጋለ ሲባጎ አስመጣ። ተመልካቹ ተራ በተራ እጁን ወደ ኋላ አሳሰረ፤ ያላሳሰረ ሰው እንዲሄድ ቢነገርም የሄደ የለም። የቦጋለን ያሰረችው ራሷ ሩታ ነበረች። እንደገና ተጀመረ። ጋሼ ጠይብ ወደ ግራ ሲያዘነብሉ ሽኩር በትከሻው፣ እቴቴ በዳሌዋ ደገፏቸው። ክሩ ተቋጠረ።

«የከለከላችሁት እጅ ብቻ ነው» አለ ሽኩር።

በመጨረሻ መሣሪያዋ ወደ እቴቴ መጋዘን ገባች። የቆርቆሮው በር ተዘጋ። ውስጥ የቀሩት ጋሼ ጠይብና ሩታ ናቸው።

«አሁን ማንም የለም፣ ጋሼ። እኔ አልነካዎትም።»

«አደራሽን ልጄ። ልወቀው።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። መሬቱ ቀስ ብሎ መርገብ ጀመረ። ወደ ቀኝ ሄዱ፤ ተመለሱ። ወደ ፊት ሄዱ። ሊያውቁት የፈለጉት ነገር ሊመጣ ጫፍ ሲደርስ፣

«እኔን ይድፋኝ» አለች ሩታ። በሁለት እጇ ደረታቸውን ይዛለች።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ፊቷ ቀልቷል። «ሳላስበው ነው» አለች። ላፕቶፑ ላይ ከሁሉም የጠበቀው ቋጠሮ ተስሏል።

በሩ ሲከፈት ቦጋለ እጁ እንደታሰረ ገባና አጎንብሶ ክሩን አየው። «የሽኩር ተቋጠረ፣ የትከሻው ተቋጠረ፣ የመጋዘኑም ተቋጠረ። ሦስቱ ተመሳሰሉ። አለቀ፤ ጋሼ ጠይብ አልፈዋል።»

«የተመሳሰሉት ስለተያዙ ነው እኮ» አለች ሩታ።

«ወደፊትስ ማን ሊለቃቸው? እስቲ እዚህ ሰፈር ያልተያዘ ሰው አሳዪኝ።»

እቴቴ እልል አለች። ሩታ፣ ሰው ሳይነካው መቆም ማለት ምን እንደሆነ ልታስረዳው ስትሞክር ቦጋለ «እኔው ቆሜ ላሳይሽ» ብሎ መሣሪያዋ ላይ ወጣ። እጁ ወደ ኋላ የታሰረ፣ ዓይኑን የጨፈነ ሊቀመንበር ብዙ አይቆይም። ዘመም ሲል ሕዝቡ ሁሉ ትከሻውን አስቀድሞ ወደ መጋዘኑ ጎረፈ።

ጋሼ ጠይብ በሰዉ መሀል ሾልከው ወጡና፣ ከቀኑ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጅ ብቻቸውን ቀሩ። ከሱቁ ጥግ እግራቸውን ገጠሙ፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። መሬቱ ረገበ። ሳያዙት እግራቸው ወደ ጎን ወጣ፤ እጃቸውም የቆርቆሮውን ግድግዳ ፈልጎ ያዘ። ደገሙት። ያው ሆነ። ሦስተኛም ሞከሩት፤ ተመሳሰለ።

ሰደርያቸውን አውልቀው አጠፏትና በበርበሬው ጆንያ ላይ አኖሯት። ከውስጥ ሽኩር «ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ቀኝ» ይላል፤ ሩታ አትንኩት ትላለች፤ እቴቴ ደግሞ ዳሌዋን ማን እንደገጨው ትጠይቃለች። ጋሼ ጠይብ ግድግዳውን በአንድ እጃቸው እየዳበሱ ወደ ሶማሌ ተራ ወረዱ።