የአጓት ዱቄት

«ትጾሚያለሽ እንዴ?» አለ ኤርምያስ፣ የተበጠበጠውን ነጭ መጠጥ በእጁ እንደያዘ።

ውዴ የስፖርት አዳራሹ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ቀና ብላ አየችው። በሁዳዴ መካከል፣ ያውም በዕለተ ዓርብ፣ ደብረ ታቦር ላይ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። «ጾም እኮ ነው አሰልጣኜ» አለችው፣ ብርድ እኮ ነው የምትል ያህል ቀለል አድርጋ። «ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምንም አልቀምስም። እሱን የምጠጣው ማታ ቤቴ ስገባ ነው።»

«ጾመኛ ከሆንሽ ይሄን እንዴት ትጠጫለሽ?»

«ምን አለበትና?»

ኤርምያስ መጠጡን ከኋላው ሊደብቅ ከጀለና ተወው። «ይሄ እኮ ከወተት ነው የሚሠራው» አለ ዝግ ብሎ። «አይብ ሲወጣ የሚቀር ውሃ አለ አይደል? እሱን ነው አድርቀው ዱቄት የሚያደርጉት።»

«አጓቱን?»

«እናንተ ምን እንደምትሉት እንጃ። ቀጠን ያለ፣ ቢጫ ቢጫ የሚል...»

«አጓት ነዋ!» አለችና ሳቀች። የምሯን ነበር የሳቀችው። ጉና ሥር በእናቷ ቤት አጓት የጥጃ ነው፤ ጥጃው የተወው የውሻ ነው። ያንን ፈረንጅ አድርቆ፣ ቫኒላ ጨምሮበት፣ ደረቱ የተወጠረ ሰው ሥዕል በተለጠፈበት ጥቁር ዕቃ አሽጎ እንደሚልክ፣ ልጇም ጠብታ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች እንደምትጠጣው እናቷ ብትሰማ ሳምንት ሙሉ ስትስቅ ትከርማለች። ወዲያው ግን ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ጾሙ ከገባ ጀምሮ በየማታው ጠጥታዋለች።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል። ኤርምያስ የዩኒቨርሲቲ የስፖርት መምህር ነው፤ ከአርባ ምንጭ ወደዚህ ከመጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ውዴን ያገኛት የሦስተኛ ክፍል መምህርት በሆነችበት ትምህርት ቤት፣ አራት ወንዶች ከበው የሚመካከሩበትን የብረት ቁም ሳጥን «ዞር በሉ» ብላ ብቻዋን ስታነሳው አይቶ ነው። ዱቄቱን እንድትጠጣ የመከራትም እሱ ነው። እሷ ስትገዛው እንደ አገሯ ወግ «የጾም ነው?» ብላ ጠይቃለች። በዚህ ከተማ ብስኩቱም ኬኩም ይህን ጥያቄ ሳያልፍ አይበላም። ሻጩ ዕቃውን አገላብጦ አየና «ሥጋ የለውም እኅቴ፣ የጾም ነው» አላት። ዱቄት ደግሞ ዱቄት ነው፤ ሽሮም ዱቄት ነው፣ በሶም ዱቄት ነው። ኤርምያስ በበኩሉ ይህን የሚጠጣ ሰው አይጾምም ብሎ ደመደመ። እንዲህ ሆኖ ሁለቱም ሳይጠያየቁ ከረሙ።

«በቃ፣ ያለፈው አለፈ» አለ ኤርምያስ፣ አጠገቧ ቁጭ ብሎ። «ዛሬን ብቻ ጠጪና ከነገ ጀምሮ ተይው። ውዴ፣ እንደ ታናሽ እኅቴ ነው የምለምንሽ። ከዞኑ የሚወሰደው አንድ ሴት ብቻ ነው። ሰማንያ ኪሎ ከራሷ በላይ ያላነሳች አትታይም። ይሄን ሳትጀምሪ ሰማንያን አንስተሽ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። እሷንም ከጾሙ ያላነሰ ያሳሰባት ይኸው ነበር። የክልሉ ቡድን ውስጥ መግባት ቁም ሳጥኑን ካነሳችበት ቀን ጀምሮ የምትመኘው ነገር ነው፤ ስለ እሱ ብላ በሠርግ ወራት ቤቷ ከርማለች፣ «እጅሽ ሻከረ፣ ማን ሊያገባሽ ነው?» የሚሉ አክስቶቿን ችላለች። ሰማንያን ያነሳችው ግን ዱቄቱን ከጀመረች በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ያ ጉልበት የራሷ ይመስላት ነበር።

«አልጠጣም» አለችና ተነሳች። «ለውድድሩ በሰባት ሰዓት እደርሳለሁ።»

«ወዴት ነው?»

«ንስሐ አባቴ ዘንድ።»

ኤርምያስ ዳገቱን ስትወጣ ቆሞ አያት። መጠጡን ለመድፋት እንኳ ልብ አላለም።

ቄስ ገብረ ማርያምን ቅዳሴ ሳይገቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ከአንድ የወይራ ጥላ ሥር አገኘቻቸው። መስቀል ከተሳለመች በኋላ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገረቻቸው። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዳመጡ።

«አጓቱን ያደርቁታል?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ አባ።»

«ደርቆ ይሸጣል?»

«በውድ ነው የሚሸጠው።»

«ጉድ በል ጎንደር!» አሉ ቄሱ፤ ጢማቸው ውስጥ ፈገግታ የመሰለ ነገር ብቅ ብሎ ጠፋ። ከዚያ ፊታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «አውቀሽ ነው የጠጣሽው?»

«ሳላውቅ ነው።»

«ካወቅሽ ወዲህስ?»

«አልቀመስኩም።»

«እንግዲያው አርባ አንድ ስገጅ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

«አሁን አባ?»

«መቸ ልትሰግጅ ኖሯል?»

ከውድድሩ በኋላ ልትል ነበር፤ አፈረች። ከዚያ ያላሰበችው ነገር ከአፏ ወጣ። «አባ፣ ጉልበቴ የዱቄቱ ቢሆንስ? እኔ ምንም ባልሆንስ?»

ቄሱ ትከሻዋን አዩት። ነጠላው የሚሸፍነው ትከሻ አልነበረም። «እናትሽ በጾም ምን ስታበላሽ ነው ያደግሽ?»

«የሰው ልጅ የሚበላውን ነዋ አባ። እልበት፣ ስልጆ፣ የባቄላ ንፍሮ። ስንቅም እስከ ዛሬ ትልክልኛለች፤ የጉና ገብስ በሶ ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም።»

«ዱቄቱንስ ስንት ትጠጫለሽ?»

«ማታ አንድ ማንኪያ።»

«አየሽ፣ የበሬን ምስጋና ፈረሱ ወሰደው ማለት ይኸ ነው» አሉ። «እኔም ያንኑ በልቸ ነው፣ ይኸው በዚህ ዕድሜየ ማኅሌት ቁሜ የማድር። ብረቱን ታነሺዋለሽ አልልሽም። ብረት አላውቅም። ስገጅና ሂጅ።»

ከአንድ ጥግ ነጠላዋን አደግድጋ ጀመረች። ይህ ቀኖና ሌላውን ሰው ሁለት ቀን ያነክሰዋል። ውዴ ግን ጉልበቷ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ድካም አያውቅም፤ ግንባሯ አፈር ነክቶ ስትነሳ ከመሬት የተቀበለችው አንዳች ነገር ያለ ይመስል ቀጥ ብላ ነው። ከወይራው ሥር የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጸሎታቸውን አቋርጠው «አበስኩ ገበርኩ! ምን ያለውን ጉልበት ሰጥቷታል!» አሉ። የእሷ ልብ ግን ከባድ ነበር። ሰግዳ በተነሳች ቁጥር አንድ ማታ ትዝ ይላታል፤ ብርጭቆውን አጥባ የደፋችበት፣ ነገ ኪሎ እጨምራለሁ ብላ የተኛችበት ማታ። በመጨረሻ እንባዋ መጣ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወረደች።

አዳራሹ ስትደርስ ኤርምያስ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ምን አሉሽ?»

«ስገጂ አሉኝ። ሰገድኩ።»

«ስንት?»

ነገረችው። ኤርምያስ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «በባዶ ሆድ! በውድድር ቀን!»

«ሰውነቴ ሞቋል» አለችው። ሊቆጣ ፈልጎ ሳቁ አመለጠው።

መራጩ ከባሕር ዳር የመጡት አሰልጣኝ ተስፋነህ ነበሩ፤ አጭር፣ አንገተ ወፍራም፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። ከተወዳዳሪዎቹ እስከ መጨረሻው የዘለቁት ውዴና ትዝታ የምትባል የይፋግ ልጅ ብቻ ናቸው። ትዝታ ቀጭን ናት፣ ግን ብረት ስትይዝ ፊቷ አይለወጥም። ሁለቱም ሰባ አምስትን አነሱ። ከዚያ ትዝታ ሰማንያን ሞክራ፣ ደግማ ሞክራ ሳይሆንላት ቀረ። ተራው የውዴ ሆነ።

እንዳያዳልጣት ጠመኔ በመዳፏ አሸችና ብረቱን ያዘች። እስከ ትከሻዋ በሰላም መጣ። ከትከሻዋ ወደ ላይ ስትገፋው ግን ክንዷ መንገድ ላይ ከዳትና ብረቱ ከፊቷ ወደቀ። አዳራሹ ተንቀጠቀጠ። ወደ መቀመጫዋ ስትመለስ ጆሮዋ ይጮኻል፣ ሆዷ ባዶ ነው፣ አፏ ደርቋል። ዱቄቱ ነበር፣ አለች በልቧ። እኔ አልነበርኩም።

ኤርምያስ አጠገቧ ተንበረከከ። ውዴ እጆቿን እያየች ነበር። አንድ ማንኪያ፣ አለች ለራሷ። ከጉና ሥር ምንጭ እንስራ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ አንድ ማንኪያ ነው እንዴ ያወጣት? እናቷ አብሹንና ባቄላውን ነጭ አረፋ እስኪሆን ስትመታ፣ «ብይ፣ ነገ ሥራ አለ» እያለች የቤቱን ትልቁን ጉርሻ ለእሷ ስታጎርስ፣ ያ ሁሉ እህል የት ገባ? ተናደደች። አጓትን ስታመሰግን መክረሟ አናደዳት። ንዴቷ እንኳ ደስ የሚል ንዴት ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች። ብረቱ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ አልቸኮለችም። ተነፈሰች፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ ገፋችው፤ ክንዷ ተዘረጋ፣ እግሮቿ ቦታቸውን ያዙ። ብረቱ ከራሷ በላይ ቆመ። እንደዚያ ቆማ ያያት ሰው ይህችን ሴት አለማድነቅ አይቻለውም፤ ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው ትዝታ ናት።

አሰልጣኝ ተስፋነህ ከመቀመጫቸው ተነስተው መጡ። «የትኛውን ዱቄት ነው የምትወስጂው?»

«ትቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

ቀልድ መሰላቸውና ፈገግ አሉ። «ይሁን። ሰኞ ካምፕ ትገቢያለሽ። እንቁላል አለ፣ ወተት አለ፣ ዱቄቱም እንደ ልብ ነው። እኔ ዘንድ ግን ጾም የለም፤ ከአሁኑ ልንገርሽ።»

የውዴ ደስታ ገና ደረቷ ላይ ሳይሞቅ ቀዘቀዘ። «እኔ እጾማለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«አምና እንዲህ ያለችኝ ልጅ ብረት እንደያዘች ራሷን ስታ ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። ተሸክሜ ሐኪም ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሁለተኛ አላየውም።» ሰውየው ክፋት አልነበረባቸውም፤ ድምፃቸውም ውስጥ ያ ቀን ነበረበት። «ካልበላሽ ትዝታን ነው የምወስደው።»

ኤርምያስ አንገቱን ደፋ። ትዝታ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች የሁሉንም ፊት በየተራ አየች።

«ሰማንያውን እኮ በጾሜ ነው ያነሳሁት» አለች ውዴ። «ከትናንት ማታ ወዲህ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም።»

«አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን በእልህም ይነሳል።»

«ስንት ባነሳ ያምኑኛል?»

አሰልጣኝ ተስፋነህ እንዲህ ተብለው ተጠይቀው አያውቁም ይሆናል። ዞረው ብረቱን አዩት። «ሰማንያ አምስት» አሉ። «ካነሳሽው እስከ ፋሲካ የጾም ምግብሽን አስበስላለሁ፣ ቃሌ ነው። ካላነሳሽው ወይ ሰኞ እንቁላል ትበያለሽ፣ ወይ እዚሁ ትቀሪያለሽ።»

«ጋሼ ተስፋነህ፣ ሰማንያ አምስትን በልምምድ እንኳ ነክታው አታውቅም» አለ ኤርምያስ። «ከዛሬው ሁሉ በኋላ ደግሞ...»

«ጨምርልኝ» አለችው ውዴ።

ኤርምያስ አልተንቀሳቀሰም። የተንቀሳቀሰችው ትዝታ ናት። ከአግዳሚው ተነስታ ከግድግዳው ሥር ከተደረደሩት ትንንሽ ክብ ብረቶች አንዱን አነሳችና በብረቱ ጫፍ አስገባች። ውዴ ከወደቀች ቦታው የእሷ እንደሆነ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። አጥብቃ አሰረችው፣ እንዳይንሸራተት በእጇ ገፋ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ ኤርምያስን «ያንተ ወገን ቀርቷል» አለችው።

ኤርምያስ ሌላውን አንስቶ መጣ። በሌላው ጫፍ አስገብቶ አጥብቆ አሰረው። ሲጨርስ ሁለቱ ወደ ጎንና ጎን ፈቀቅ ብለው ቆሙ።

ውዴ ጠመኔውን አልነካችም። ጎንበስ አለች፣ መዳፏን ብረቱ ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠች፣ ጀርባዋን አቀናች። አሰልጣኝ ተስፋነህ ሳያስቡት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ነበር፣ የምትወድቅ ሰው ሊይዙ የተዘጋጁ ያህል። እሷ አላየቻቸውም። አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ብረቱ መሬቱን ለቀቀ።