ዘጠና ስምንት ዲግሪ

ጠጋኙ የእህቱ ልጅ ጌም የምትጫወትበትን ኮምፒውተር የጎን ክዳን ሲከፍት አፍንጫውን ያዘ። ማራገቢያው ላይ ፀጉርና አቧራ ተገምዶ ተጠምጥሟል። ታች ጥጉ ላይ የሞቱ በረሮዎች፣ የቺፕስ ፍርፋሪና የፈሰሰ ለስላሳ አንድ ላይ ረግተው ጠቁረዋል።

«ቱ! አንቺ ልጅ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ የቆሻሻ ገንዳ?»

«ጋሼ፣ በናትህ ቶሎ በልልኝ» አለች አንገቷን ደፍታ። «አስር ሰዓት ላይ ውድድር አለን። ሁለት ጊዜ መሃል ላይ ጠፍቶብኝ በኔ የተነሳ ተሸነፍን። ዛሬም ከጠፋ ከቡድኑ ያስወጡኛል።»

ከቤት የማትወጣ ልጅ ናት፤ ጓደኛ ብትል እነዚያው አራት የቡድኗ ልጆች ናቸው። ቡድኑ በቅርቡ የጀመረው ከባድ ጨዋታ በተከፈተ በሁለት ደቂቃ ግን ፕሮሰሰሩ ዘጠና ስምንት ዲግሪ ይገባና ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል።

ጠጋኙን አንገበገበው። ከስምንት ወር በፊት በገዛ እጁ ገጣጥሞ የሰጣት ዕቃ ነው። እየጠረገ ተሳደበ። «በረሮዎቹ ራሱ የሞቱት ተጸይፈው ነው!» አላት። እናቷ ከሳሎን «ንገራት! እኔንማ መች ትሰማኛለች!» ስትል ልጅቷ እንባ አቀረረች። እሱ አላዘነላትም፤ እንዲያውም ደስ አለው።

በብሎወር ነፋ፣ በብሩሽ ፈተገ፣ በአልኮል ወለወለ። ከዚያ አብርቶ ጨዋታውን አስከፈታት። ዘጠና። ዘጠና አምስት። ዘጠና ስምንት። ድርግም።

«አየህ?» አለች ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። ውድድሩ ሊጀመር አርባ ደቂቃ ቀርቶታል።

«ንጹሕ ጨርቅ አምጪ፤ ካለሽ!» ብሎ ላካትና ካቻቢቴውን አንስቶ ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠውን ማቀዝቀዣ ፈታ።

የማቀዝቀዣው ብረት ፕሮሰሰሩን በሚነካበት በኩል ከፋብሪካ የሚመጣ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበታል፤ ሙቀት ስለሚያግድ ከመገጠሙ በፊት ይላጣል። ይሄኛው አልተላጠም። ሙቀት እንዲያስተላልፍ የተቀባው ፔስት ላስቲኩ ላይ እንደ ንፍጥ ተዝረክርኳል።

እሱ ኮምፒውተር በሚሸጥበትና በሚጠግንበት ሱቅ ውስጥ ላስቲክ አይላጥም። ደንበኛ ላስቲኩን ካላየ ዕቃውን አዲስ ነው ብሎ አያምንም፤ ስክሪኑም ኬዙም ከነላስቲኩ ነው የሚሸጠው። እጁ ያንን ለምዶ ይሄንንም አልፎታል። የልጅቷን በረሮ በእጁ ጠርጎ ይሄን ላስቲክ መንካት ግን ቀፈፈው። የልጅቷን ኮቴ ሲሰማ ላስቲኩን ላጠና ጨምድዶ ኪሱ ከተተው።

አዲስ ፔስት ቀብቶ ገጠመና ጨዋታውን እንደገና አስከፈታት። ስድሳ ሁለት ዲግሪ፤ ከዚያ ንቅንቅ የለም።

«ምን ነበር ጋሼ?»

«ቆሻሻሽ ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል?»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ልጅቷ ግን ጉልበቱን ልትስም ምንም አልቀራት። ሮጣ ተቀመጠችና ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ልጆች፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያኔም የተሸነፍነው በኔ ቆሻሻነት ነው። አጎቴ ባያጸዳልኝ ዛሬም ጉድ አድርጌያችሁ ነበር። ይቅርታ።»

«ቆሻሻዋ መጣች!» የሚል የልጆች ሳቅ በስፒከሩ ተንጫጫ። አብራቸው ሳቀች፤ አንገቷ ግን ትከሻዋ ውስጥ ገባ።

ጠጋኙ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። እውነቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት እህቱ ውሃና ሳሙና ይዛ ደረሰች።

«ና ታጠብ ወንድሜ። እጅህን አቆሸሸችብህ አይደል?»

ጠጋኙ አፉን ዘጋና እጁን ዘረጋላት።