ሸክላው የሚዘልበት ቦታ

እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ሸክላ ማጫወቻውን ነክቶት አያውቅም። በፊት ግን እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሳሎን ውስጥ ይደንሱ ነበር፤ ሁልጊዜ በዚያው በአንዱ ሸክላ። ዘፈኑ መሃል ላይ ሲደርስ መርፌው ድንገት ይዘላል፤ እነሱም አብረው ዘለል ይሉና ይቀጥላሉ። ልጅ ሳለሁ ዳንሱ ሲፈጠር ጀምሮ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አባቴን መልሼ ላስደንሰው ቆርጬ ተነሳሁ። የምሠራው ጥርስ ሐኪም ቤት፣ መሣሪያ አጠባ ላይ ነው። ክሊኒኩ አዲስ ማጠቢያ ሲገዛ ሸክላውን ላጥብበት ብዬ አሮጌውን ለምኜ ወሰድኩት። ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ ውሃውን እያንቀጠቀጠ፣ ብሩሽ የማይደርስበትን ቆሻሻ የሚያወጣ ገንዳ ነው።

"ሸክላም ጥርስ አወጣ እንዴ?" አለ አባቴ። ከስንት ወር በኋላ የመጀመሪያ ቀልዱ ነው፤ ደስ አለኝ።

"አንተ ዝም ብለህ እይ፣ አባዬ።"

ሸክላውን ዘንግ ላይ ሰክቼ ጠርዙን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይርስ ከውሃው በላይ ነው። ትንሽ ሞተር ቀስ እያለ ያሽከረክረዋል። ገንዳው እንደ ንብ ቀፎ እምም ይላል። የመስኮቱ ብርሃን ከውሃው እየነጠረ ግድግዳው ላይ ይንሳፈፋል፤ ቤቱ በሙሉ፣ እኛም ጭምር፣ ውሃ ውስጥ የገባን መሰለኝ። የስንት ዓመት አቧራ ወደ ታች ሰመጠ። አንዲት ቡናማ ነጠብጣብም ቀስ በቀስ ሟሟች።

"የእናትሽ ሻይ ናት" አለ አባቴ። "የተጋባን ሰሞን ነው ያፈሰሰችበት። ስኳር ስታበዛ! ዝርክርክ እኮ ነበረች።" ሳቅን። እኔ ሞኟ ምንም አልገባኝም።

ሲደርቅ መርፌውን አሳረፍኩ። የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። አባቴ ተነሳ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን የእናቴ ወገብ ይሆን በነበረበት ቦታ አድርጎ ይወዛወዝ ጀመር። እሰይ! አልኩ በልቤ። ያ ቦታ ደረሰ። አባቴ ዘለለ።

ዘፈኑ ግን አልዘለለም። በሕይወታችን ሰምተነው የማናውቀውን ስንኝ እየዘፈነ አለፈ። አባቴ ከምቱ ወጥቶ፣ እጁ እንደተዘረጋ ቆመ። ከእናቴ የቀረችውን አንዲት ነገር፣ መርፌው ይዘልባት የነበረችውን የሻይ ነጠብጣብ፣ በገዛ እጄ አጥቤ አጠፋኋት።

"አሁን የት ጋ ነው የምንዘለው?" አለኝ፣ መንገድ እንደጠፋው ልጅ እያየኝ።

መርፌውን ወደ መጀመሪያው መለስኩና የተዘረጋውን እጁን ያዝኩ። እርምጃ ቆጠርኩ። ቦታው ሲደርስ ዘፈኑ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ እኛ ዘለልን።