ከመርዶው በፊት የተወሰደ ደም

ወንድይፍራው ያን ቀን አመሻሽ ላይ የዋሸው ውሸት አጭር ነበር። «ልባቸው አይችለውም፤ እስኪነጋ ይቆይ» አለ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ረዘም ያለ ቢሆን ኖሮ ምናልባት መሐል ላይ ያፍር ነበር።

መርዶውን ይዘው የመጡት የኮልፌው ቤተ ክርስቲያን አለቃ ወልደ አማኑኤል ናቸው። የጎረቤቱ የእትዬ ዋጋነሽ አንድያ ልጅ ጉታ፣ ከአርበኞች ጋር ሆኖ ጣሊያንን ሲዋጋ በቡራዩ በኩል ወድቋል። ሬሳው ሣር ለብሶ፣ በበቅሎ ተጭኖ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል፤ ጣሊያን ሳይሰማ፣ ጎህ ሳይቀድ መቀበር አለበት። አለቃ እናትየው የልጃቸውን ፊት አይተው እንዲሰናበቱት ፈልገዋል። ግን እትዬ ዋጋነሽ በየጠዋቱ ለደም ምርመራ ጣታቸውን የሚሰጡትን ይህን የተማረ ጎረቤት ሳያማክሩ መንገር ከበዳቸው።

«አንተ ታውቃለህ። ትችለው ይሆን?» አሉት።

ይችሉት ነበር። ልባቸው ምንም አልነበረውም፤ ይህን ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ባሕር ማዶ ተሻግሮ የተማረው፣ ድንጋጤና ሐዘን በሰው ገላ ውስጥ የሚያደርጉትን ነው፦ ሰው ሲደነግጥ ጉበቱ ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደሙ ይለቃል፣ እህል ሳይቀምስ። አገሩ በገባ በዓመቱ ጣሊያን ተከትሎት ገባ። አሁን በአንድ ጣሊያናዊ ሐኪም ቤተ ሙከራ ብልቃጥ አጣቢ ነው፤ ከሥራ በተረፈው ጊዜ ጥናቱን ይገፋል። ሐኪሙም ጥናቱ ከሠመረ ስምህን ከስሜ ጎን አሰፍራለሁ ብሎታል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአንድ ሰው ደም፣ ከሐዘኑ በፊትና ከሐዘኑ በኋላ። ይሄ ከየት ይገኛል ሲል ሐዘኑ ራሱ በእግሩ መጥቶ ደጁ ቆመ። ችግሩ፣ እትዬ ዋጋነሽ በጊዜ እራታቸውን በልተዋል፤ የበላ ሰው ደም ደግሞ አይታመንም። ሌሊቱን ባዶ ሆዳቸውን ማደር ነበረባቸው።

እናም ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸ። አለቃ አመኑት።

አለቃን ሸኝቶ ሲመለስ እትዬ ዋጋነሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ደኅና አመሸህ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ አቀርቅሮ አለፈ።

ጠዋት መርፌውን ይዞ ሲሄድ ለብሰው ተቀምጠው ጠበቁት። ጣታቸውን ዘረጉለት፤ ምንም አልጠየቁም። ደሙን እንደወሰደ አለቃና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ገብተው መርዶውን ተናገሩ። ጉታ ተቀብሮ አልቋል። እትዬ ዋጋነሽ አልጮኹም፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መሬት ተቀመጡ። ወንድይፍራው ሁለተኛውን ደም ሲወስድ ሽማግሌዎቹ የሚያክማቸው መስሏቸው መረቁት። አፈረ። ደሙን ግን ወሰደ።

ቤተ ሙከራ ገብቶ ሁለቱን ብልቃጦች አስተያየ። የስኳር መለኪያው መድኃኒት ሲጨመርበት ደሙ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ስኳሩ በበዛ ቁጥር ሰማያዊው ይጠቁራል። የእትዬ ዋጋነሽ የወትሮው ፈዛዛ ነበር። ሁለተኛው ብልቃጥ እንደጠበቀው ጠቁሯል። የመጀመሪያውም እኩል ጠቁሯል። ብልቃጡ በደንብ ስላልታጠበ ይሆናል ብሎ ደገመው፤ ያው ነው።

ሲመሽ ለቅሶ ቤት ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ጠዋት እኔ ሳልመጣ የቀመሱት ነገር ነበር?» አላቸው ቀስ ብሎ።

«ምን ሊወርድልኝ?» አሉ። «ሁልጊዜ ቆመህ፣ ጉታ ላከልዎት ወይ የምትለኝ ልጅ፣ ትናንት ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም። ያን ጊዜ አወቅሁ። አሁን መጥተው ይነግሩኛል፣ አሁን ይነግሩኛል እያልሁ ቁጭ ብዬ አነጋሁ።»

«ታዲያ ምነው መጥተው ቢጠይቁኝ?»

«አንተ የተማርህ ነህ፤ ዝም ያልኸው ለእኔ አስበህ ነው አልሁ። ልጄ እዚህ ቤተ ክርስቲያን መተኛቱን ግን አላወቅሁም። ባውቅ በጨለማ ዳብሼም ቢሆን እሄድ ነበር።»

ወንድይፍራው የሌሊቱን መጠበቅ በገዛ ዓይኑ በብልቃጥ ውስጥ አይቶታል፤ ያ ሁሉ ጥቁረት እሱ የሠራው ነው።

«ልቧ አይችለውም ማለትህን አለቃ ነገሩኝ» አሉ እትዬ ዋጋነሽ፣ የተወጋ ጣታቸውን እያሹ። «ደሜን የምታየው አንተ ነህ። እውነት ፊቱን ማየት አልችልም ነበር?»

አሁንም መዋሸት ይችል ነበር። እሳቸውም ያምኑት ነበር።

«ይችሉ ነበር፣ እትዬ» አለ።

እትዬ ዋጋነሽ ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።