ወደ ግራ የሚዘገየው ጨዋታ

ታናሻችን ዌንደል በሞተ በዓመቱ፣ ታላቅ ወንድሜ ራስል በልጅነታችን ቶሌዶ ከተማ ሰፈራችን ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ በሳንቲም በሚሠራ የጨዋታ ማሽን ላይ ቆመን የምንጫወተውን፣ ጭራቅ በጠመዝማዛ መንገድ የሚያሳድድበትን ጨዋታ በኮምፒውተር እንደ አዲስ ሠርቶ በነፃ ለቀቀው። ተጫዋቾቹ ግን "ወደ ግራ ሲታጠፍ ይዘገያል፣ አስተካክለው" እያሉ ነዘነዙት።

"ዋናውም እንዲህ ነበር! እነዚህ ምን ያውቃሉ?" ብሎ እኔ ላይ ጮኸ።

"ኧረ ተው ራስል! የሚዘገየው የእኛ ሰፈር ማሽን ብቻ ነበር። ዌንደል ተሸንፎ ሲናደድ እጀታውን በእርግጫ ብሎት አይደል እንዴ የተበላሸው?"

ራስል ጨዋታውን ከፍቶ ወደ ግራ ታጠፈ፤ እንደ ድሮው ዘገየ። ከዚያ ለተጫዋቾቹ እንዲህ ብሎ መለሰላቸው፦

"አይስተካከልም። ወንድሜ ነው የሰበረው።"