ሕንፃው ሊፍት አለው

ለዩኒቨርሲቲው ዓመታዊ የሳይንስ ዓውደ ጥናት ተሳታፊዎች የሚላከውን የመረጃ ወረቀት ለአሥራ አራት ዓመት የጻፈችው የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ናት። ከዚህ የተነሳ መምህራኑም ተላላኪዎቹም ስሟን ትተው «መረጃ» ነበር የሚሏት። «መረጃ፣ የላቦራቶሪው ቁልፍ የት ነው?» «መረጃ፣ ዛሬ ውሃ አለ?» እሷም ሳትቆጣ «አቤት» ትላለች።

ወረቀቷ ሁለት ገጽ ነበር። ምዝገባ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይጀምራል። ፖስተር ከዘጠና ሳንቲ ሜትር በላይ አይሰፋም። አንድ ጥናት በአሥራ አምስት ደቂቃ ይቀርባል፤ ለጥያቄ አምስት ደቂቃ ይሰጣል። ሲያዩት ደረቅ ነገር ነው፤ ግን ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በስተጀርባ የአንድ ሰው ጣጣ አለ። «ፖስተር በሙጫ አይለጠፍም» የሚለው የገባው አንድ የኬሚስትሪ ሰው ራሱ በቀመመው ሙጫ ለጥፎ፣ ሲያነሳው የግድግዳው ቀለም አብሮ የተነሳ ዓመት ነው። «ጽሑፍዎን በሁለት ፍላሽ ይያዙ» የሚለው ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ፍላሹ አልከፈት ብሎት እንባው ከመጣ በኋላ ነው።

የዘንድሮው ጣጣ ሊፍቱ ነበር። አዳራሹ ያለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ከቆመ ደግሞ ሁለት ወር አልፎታል። ጸሐፊዋ ጉልበቷን ያማታል። በቀን አራት አምስት ጊዜ ስለምትወጣው ደረጃውን ሳትፈልግ ቆጥራዋለች፤ ሰባ ሁለት ነው። ስለዚህ ረቂቋ ላይ፦ «ሊፍቱ አይሠራም። ወደ አዳራሹ የሚያወጣው ሰባ ሁለት ደረጃ ነው። ደረጃ መውጣት የሚቸገር ተሳታፊ አስቀድሞ ይንገረን» ብላ ጻፈች።

የዓውደ ጥናቱ ሰብሳቢ፣ የትምህርት ክፍሉም ኃላፊ የሆነው ዶክተር፣ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ ረቂቁን አነበበና የሊፍቱን ነገር በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው።

«ይቺን አውጪያት» አላት።

«እውነት ነው እኮ ዶክተር።»

«እውነት ሁሉ ይጻፋል እንዴ? ከውጭ የሚመጡ እንግዶች አሉ። ሊፍት ማስጠገን ያቃታቸው ሳይንቲስቶች ይበሉን?»

«እና ምን ልበል?»

«ሕንፃው ሊፍት አለው በይ። የለውም?»

«አለው።»

«በቃ! የት ላይ ዋሸሽ?»

«ላም አለኝ በሰማይ» ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ጥገናው በዚያ ሳምንት እንደሚያልቅ ቃል ተገብቶለት ነበርና ቃሉን እንደ ጥገና ቆጠረው። እሷም ደክሟት ነበር። «እሺ» አለች። ወረቀቱ ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተላከ፤ ከግርጌው የእሷ ስልክ ቁጥር ሰፍሮ።

ዓውደ ጥናቱ ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው ስልኳ ጮኸ። ለዚያ ቀን አርባኛው ጥሪ ሳይሆን አይቀርም።

«ወረቀታችሁ ደርሶኛል» አሉ አንዲት ሴት። ድምፃቸው ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው ድምፅ ነበር፤ ቃሉን አንድ በአንድ የሚያስቀምጥ። «የአፈር ተመራማሪ ነኝ። በክራንች ነው የምሄደው። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ነው ይላል፤ ሕንፃው ሊፍት አለው ይላል። አለው ማለት ይሠራል ማለት ነው?»

ጸሐፊዋ ቀና ብላ የሰብሳቢውን በር አየች። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ጠጋኙ ነገ ይመጣል ተብሏል። አንዱ ተላላኪ ፊቷ ቆሞ ማኅተም እየጠበቀ ነው፤ ሌላው ስልክ ደግሞ ይጮኻል።

«ይሠራል» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ? መንገዱ ለእኔ ሁለት ቀን ነው።»

«አዎ፣ ይምጡ።»

ጠጋኙ በማግስቱ መጣ፣ የሊፍቱን ሆድ ከፍቶ አየ፣ «የሚቀየረው ዕቃ እዚህ አገር አይገኝም» ብሎ ዘጋውና ሄደ። ጸሐፊዋ ያኔውኑ ስልኩን ልታነሳ አሰበች። ግን ባጅ የሚያትመው ማሽን ወረቀት እየበላ አስቸገረ። ከዚያ የሻዩ ነገር መጣ፤ ከዚያ የወንበሩ። «ነገ ጠዋት እደውላለሁ» አለች። ነገም ነገን ወለደ። ረስታው ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ አልረሳችውም። ስልኩን ባየችው ቁጥር ትዝ ይላታል፣ ባለችበት ሆና ፊቷን ታዞራለች። ኋላ የከነከናትም ይኸው ነው።

የመክፈቻው ቀን ጠዋት ከምዝገባው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ ባጅ ስታድል፣ የክራንች ድምፅ ሰማች። ኮቴው ኳ፣ ኳ እያለ መጥቶ ሊፍቱ ፊት ቆመ። ጥበቃው ካርቶን ቀዶ «አይሠራም» ብሎ ጽፎ በሩ ላይ ሰክቶበታል። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ፣ ቦርሳ በጀርባቸው ያነገቱ ሴት ካርቶኑን ለረጅም ጊዜ አነበቡት። አንድ ቃል ነው፤ ግን እንደ ረጅም ደብዳቤ አነበቡት።

ተነስታ ሄደች። «እንደምን አደሩ» ስትል ሴትየዋ በድምፅዋ አወቋት።

«ስልኩን ያነሳሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ይሠራል ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«እንደማይሠራ ታውቂ ነበር?»

ስለ ጠጋኙ፣ ስለ ሰብሳቢው፣ ስለ ማሽኑ ልትነግራቸው ትችል ነበር። ሁሉም እውነት ነው። «አውቅ ነበር» አለች።

ተመራማሪዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስንት ደረጃ ነው?»

«ሰባ ሁለት።»

«እሱን እንኳ በደንብ ታውቂዋለሽ» አሉና ወደ ደረጃው ዞሩ።

ጥበቃው ሮጦ መጣ። ደንዳና ሰው ነው። «እማማ፣ ወንበር ላይ ይቀመጡና ከጓደኛዬ ጋር አንድ አፍታ ብድግ እናደርግዎታለን» አለ።

«ተባረክ። ግን እኔ ጠረጴዛ አይደለሁም» አሉት።

አንዱን ክራንች በብብታቸው ይዘው፣ ሌላውን ለጸሐፊዋ ሰጥተው፣ የደረጃውን ብረት ጨብጠው መውጣት ጀመሩ። ከኋላቸው የሚመጡት እንግዶች መጀመሪያ ቆሙላቸው፤ ኋላ «ይቅርታ» እያሉ በጎናቸው ያልፉ ጀመር። አሥራ አንደኛው ላይ ክራንቹ አዳለጣቸው። አልወደቁም፤ ብረቱን ይዘው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል፤ ከንፈራቸው ነጥቷል።

«ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ» አሉ ሳያይዋት። «የእኔ ተራ አራት ሰዓት ተኩል ነው። እስከዚያ ምናልባት እደርሳለሁ።»

ገና ስልሳ አንድ ደረጃ ይቀራቸው ነበር።

ጸሐፊዋ የያዘችውን ክራንች አጠገባቸው አስደግፋ፣ ጉልበቷን እየደገፈች ወደ ላይ ወጣች። ሰብሳቢው የፊተኛው ረድፍ ወንበር ላይ ከእንግዶች ጋር ይሳሳቃል። ጎንበስ ብላ በጆሮው ነገረችው።

«ይሸከሟቸዋ» አለ በሹክሹክታ።

«እንቢ ብለዋል።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ያንብብላቸው። ፕሮግራሙ ታትሟል እኮ! ለአንድ ሰው ብዬ ሁለት መቶ ሰው ላውርድ?»

«ሁለት መቶው እግር አለው ዶክተር።»

ሰውየው እንዳልሰማ ወደ እንግዶቹ ዞረ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

እሷም ጥግ ላይ ቆመች። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የመድረኩን ማይክራፎን ስንቴ ተክላዋለች፣ ስንቴ ጠርጋዋለች፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?» ከማለት በቀር ግን ተናግራበት አታውቅም። አሁን ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም። የነበራት ነገር ቢኖር፣ ከታች ደረጃ ላይ የተቀመጠ ሰው እንዳለ ማወቅ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይከብዳት ነበር። የመክፈቻው ንግግር አልቆ ጭብጨባው ሲበርድ መድረክ ላይ ወጣች።

«ለተሳታፊዎች መረጃ አለኝ» አለች። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ደረቅ ነበር። «የላክንላችሁ ወረቀት ሕንፃው ሊፍት አለው ይላል። ሊፍቱ ከቆመ ሁለት ወር አልፎታል። እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። ደውለው ለጠየቁኝ ሰውም ይሠራል ብያለሁ። እኚህ ሰው አሁን አሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ስለዚህ የአራት ሰዓት ተኩሉ ጥናት የሚቀርበው ምድር ቤት፣ ካፍቴሪያው ውስጥ ነው። መስማት የሚፈልግ ይውረድ።»

አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አቆመ። ሰብሳቢው ግማሽ ተነስቶ ግማሽ ቀርቷል፤ ቁጭ እንዳይል ሰው ያየዋል፣ እንዳይናገር የሚለው የለውም። ከኋላ ረድፍ አንድ ወፍራም የስታቲስቲክስ መምህር ኮምፒውተሩን አጥፎ ብድግ አለ።

«ስወጣ ልቤ ልትወልቅ ነበር» አለ ጮክ ብሎ፤ «መውረድማ በስንት ጣዕሙ!»

ሰው ሳቀ፣ ወንበር ተንኳኳ። ግማሽ ያህሉ ወረደ። ግማሹ ቀረ፤ አንዳንዱ ሰብሳቢውን ፈርቶ፣ አንዳንዱ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርግበት ሶኬት አግኝቶ።

ካፍቴሪያው ለሳይንስ የተሠራ አልነበረም። ፍሪጁ ያጉረመርማል፤ ከጓዳ የሰሃን ድምፅ ይመጣል። ጥበቃው የዋጋ ዝርዝሩን ከግድግዳ አነሳና ፕሮጀክተሩ ነጩ ግድግዳ ላይ በራ። ተመራማሪዋ አሥራ አንዱን ደረጃ በራሳቸው ወርደው፣ ክራንቻቸውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው፣ ቁጭ ብለው ጀመሩ። ከመጀመራቸው በፊት ጸሐፊዋን በጣት ጠሯት።

«ሰዓት የምትይዢው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«አሥራ አምስት ሲሞላ ደውዪ። ለእኔ ብለሽ አንድ ደቂቃ እንዳትጨምሪ።»

ጥናታቸው ስለ አንድ ተዳፋት ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የለኩት አንድ ተዳፋት። በየዓመቱ ያንኑ ቦታ ይቆፍራሉ፣ ይመዝናሉ፣ ይጽፋሉ። እግራቸው የተሰበረውም እዚያው መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው አለፉት። ዝናቡ በአንድ ወቅት ጠርጎ የሚወስደውን አፈር ለመመለስ የሰው ዕድሜ እንደማይበቃ በቁጥር አሳዩ። ጸሐፊዋ ግማሹ አልገባትም። ፍሪጁን ተደግፋ ቆማ፣ ዓይኗ እየተከደነ፣ ሰዓቷን ስታይ ነበር። አሥራ አምስት ሲሞላ ደወለች። ተመራማሪዋ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ጨርሰው ዝም አሉ። ጥያቄው ግን አምስት ደቂቃ አልበቃውም፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠየቋቸው።

ሰዉ ሲበተን ጸሐፊዋ ቀረበች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

ተመራማሪዋ ቦርሳቸውን እየዘጉ ነበር። «ዛሬ አትጠይቂኝ። ዛሬ ብትጠይቂኝ ለጨዋነት ብዬ ይቅር እልሻለሁ፤ እሱ ደግሞ ለአንቺም ለእኔም አይረባም። ደክሞኛል። መኪና ጥሪልኝ።»

ጠራችላቸው።

ማምሻውን ቤቷ ስትገባ ባሏ፣ ጡረታ የወጣ ሹፌር፣ ፊቷን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ሙቅ ውሃ በሳፋ አቀረበላት። እግሯን ነክራ የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

«ያባርሩሽ ይሆን?» አላት።

«አያባርሩኝም። ማን ይሠራላቸዋል?»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ማልቀሷን ያወቀችው ያኔ ነው። «ይሠራል ብዬ እኮ ነው» አለች። «አንድ ቃል። ሴትየዋ ሁለት ቀን ተጉዘው መጡ።» ባሏ ፎጣ አመጣ።

በሳምንቱ ሰብሳቢው ማስጠንቀቂያ ጻፈላት። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ እሷ ብቻ ስለሆነች ደብዳቤውን የተየበችውም እሷው ናት። እሱ መስኮት መስኮቱን እያየ ይናገራል፤ እሷ ትጽፋለች። «ከተሰጣት ኃላፊነት ውጪ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ደግሞት ስለነበር አንዱን አወጣችለት። አትማ አስፈረመችው፣ ማኅተም መታችበት፣ አንዱን ቅጂ ፋይሏ ውስጥ አስገባች፣ አንዱን ለራሷ ወሰደች።

«አልተቀየምሽም አይደል?» አላት፣ በሩ ላይ ስትደርስ።

«የጻፉት እውነት ነው» አለች። «የቀረ አለ እንጂ።»

ሰውየው የቀረው ምን እንደሆነ አልጠየቃትም። የሊፍቱ ዕቃ የመጣው ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ደብዳቤው ከተጻፈ አሥር ቀን አልፎ ተመራማሪዋ ደወሉ።

«ሰውየው ምን አደረገሽ?»

«ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ።»

«ይገባሻል» አሉ። «ግን ሰጪው እሱ መሆን አልነበረበትም።»

በመስመሩ ውስጥ የንፋስ ድምፅ ይሰማል፤ ሴትየዋ ደጅ ሳይሆኑ አይቀሩም።

«ያን የሊፍቱን ነገር ትቼልሻለሁ» አሉ ተመራማሪዋ። «ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። ይኸው ነው፤ ልሂድ፣ ሠራተኞቹ እየጠበቁኝ ነው።»

ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ አወጣች። ሦስት ዓመት ሙሉ አልወሰደችም ነበር። አሥራ አምስት ቀን ሞላች። ሰብሳቢው ቀና ብሎ አያት፣ ሊናገር ፈለገ፣ ፈረመ።

የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ተኛች። ባሏ ረፋዱ ላይ አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንዴ በሩን ገፋ አድርጎ አያት፤ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ ተመልሶ ተቀመጠ።